ጎጆ ሲወጡ፦ ለቢቸናና ለሞጣ ማዕድ ቤት ዕቃ አመራረጥ

በጥርና በሚያዝያ ሠርግ ሲበዛ በቢቸናና በሞጣ አዲስ ጎጆም ይበዛል። ለሙሽሮች በስጦታ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ብርጭቆ፣ ሰሃን፣ ትሪና ፔርሙዝ ነው። ዕለት ዕለት እሳት ላይ የሚውለው ምጣድ፣ ድስትና ጀበና ግን ከባልና ሚስቱ ኪስ ይወጣል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው። ይህ መመሪያ ለእነሱ፣ እንዲሁም አሮጌ ዕቃውን ሊለውጥ ገበያ ለሚወጣ ሁሉ የተጻፈ ነው።

የፋብሪካ ዕቃ ከመርካቶ ተጭኖ፣ ዐባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀን በኩል ይመጣል፤ ሞጣ በባሕር ዳር በኩልም ያገኛል። ሱቅ ውስጥ ሲደረደር ሁሉም ያብረቀርቃልና በመልኩ አይመረጥም። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከምንበላው ምግብ ጋር ይስማማል? ለምንኖርበት ደጋ ይሆናል? የቤቴ የመብራት መስመርስ ይችለዋል? ከሦስቱ በአንዱ የወደቀ ዕቃ ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።

1. መጀመሪያ የሳምንቱን ማዕድ ይቁጠሩ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት በቤትዎ በሳምንት ውስጥ ምን ምን እንደሚበስል በወረቀት ይጻፉ። በአብዛኛው ቤት እንጀራ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጋገራል፤ ሽሮና ክክ በየቀኑ ይሠራል፤ ቡናም በየቀኑ ይፈላል። ገንዘብዎን በዚሁ ቅደም ተከተል ይመድቡ፦ ምጣድ፣ ሁለት ጥሩ ድስት፣ ጀበና፣ ከዚያ በኋላ ሌላው። በዓመት ሦስት ጊዜ ከቁም ሳጥን ለሚወጣ የጁስ መፍጫ ብለው የምጣዱን ገንዘብ አይቀንሱ።

ለድግስ የሚሆን ትልቅ ድስትም አይግዙ። እሱን እድሩ ያውሳል፤ ለዚያ ሲባል ነው በጋራ የተገዛው። ለአምስት ሰው ቤት ከ5 እስከ 7 ሊትር የሚይዝ አንድ ድስትና ግማሹን የሚይዝ ሌላ ድስት ይበቃሉ።

2. ምጣድ፦ ለዚህ ጊዜዎን አይሰስቱ

የሸክላ ምጣድ ከገዙ ፀሐይ ላይ አውጥተው ይመልከቱት። በአንድ እጅዎ ከፍ አድርገው በጣትዎ አንጓ ጠርዙንና መሐሉን መታ መታ ያድርጉ። ደኅናው ጥርት ያለ፣ የሚዘልቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ ገጹን በመዳፍዎ ይዳብሱ፤ ጠጠር ወይም ጉድጓድ ካገኙ ሊጡ እዚያ ይይዛል። በመጨረሻም ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጠው ጥቂት ውኃ መሐሉ ላይ ያፍስሱ። ውኃው ወደ አንድ ጎን ከሮጠ ሊጡም ወደዚያው ይሮጣል፤ እንጀራው አንድ ወገኑ ወፍራም ሌላው ስስ ይሆናል። ከምሥራቅ ጎጃም መረሬ አፈር የሚገኘው ጤፍ ስሙ የተጠራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጤፍ በጠማማ ምጣድ ማበላሸት ያሳዝናል።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም። በመጀመሪያ በለስላሳ እሳት ቀስ ብሎ እርጥበቱ ይውጣ። ከዚያ የተፈጨ ጎመን ዘር ነስንሰው በማሰሻ እየደጋገሙ ይሹት፤ ቅባቱ ሸክላው ውስጥ ገብቶ ገጹ ጠቁሮ እስኪለሰልስ አይቁሙ። ይህን ሥራ በአንድ ሰዓት ልጨርስ ያለ ሰው ለወራት እንጀራ ሲፍቅ ይከርማል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ደግሞ ሌላ ፍተሻ አለ። እንጀራው የሚያርፈው ያው ሸክላ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከሥሩ በተቦረቦረለት መስመር የሚግል ሽቦ ተጠምጥሞ ብዙ ጊዜ በጀሶ መደፈኑ ነው። ጥራቱን የሚወስነው ሽቦው እኩል መሰራጨቱ ነውና ዓይን አያየውም። ስለዚህ ሻጩን በትሕትና «ሰክተው ያሳዩኝ» ይበሉት። ምጣዱ ሲግል ዱቄት በስሱ ይነስንሱበት። ዱቄቱ ዙሪያውን እኩል ከቀላ ጥሩ ነው፤ መሐሉ አርሮ ጠርዙ ነጭ ከቀረ ወይም ግማሹ ብቻ ከቀላ ትተውት ይሂዱ። ሥሩንም ገልብጠው ይዩ። በብሎን የታሰረው ይጠገናል፤ ተበይዶ የተደፈነው ሽቦው በተቃጠለ ቀን ይጣላል። ሽቦ መቃጠሉ ደግሞ አይቀርም፤ በከተማዎ የሚጠግን ባለሙያ መኖሩን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ማለት ነው፤ ይህ የአንድ ደኅና ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው። በዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ቤትን ለእሳት መስጠት ነውና ፈጽሞ አያድርጉት። ከብሬከሩ የሚነሣ ለብቻው የሆነ፣ ባለ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ መስመር ያስዘርጉ። ሽቦውን ሲገዙ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ ያድርጉት፤ ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ስለሆነ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሦስተኛው ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። ባለሙያው «ያለ እሱም ይሠራል» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ይሠራል፤ ግን እርጥብ እጅ የሚነካውን ሰው የሚጠብቀው ያ ሽቦ ነው።

ብዙ ሰው «ምጣዱ ደከመ» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜ የደከመው ግን መስመሩ ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚቀንሰው በጥቂቱ አይደለም፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል፤ ያጣብቃል። ምጣዱን ከመለወጥዎ በፊት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ከሚጠቀምበት ከምሽቱ ሰዓት ወጥተው ጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ ጋግረው ይሞክሩ።

መብራት ሲጠፋ ሊጡ አይጠብቅምና የማገዶ ምድጃም ያስፈልግዎታል። ለዚህ በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ እስካሁን የሚተካከለው አላየሁም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ በተገጣጣሚ የሚሠራ ሲሆን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ሲገዙ ቁርጥራጮቹን ገጥመው ይዩ፤ በመገጣጠሚያው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ እሳትም ያሳልፋል። ጠርዙን በጥፍርዎ ይጫሩ፤ አሸዋው ከረገፈ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ውኃ ሳይጠጣ ደርቋል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የተባለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሲነጻጸር ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ጭሱን አብልጠው የሚጠጡት እናቶችና በእቅፋቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ምድጃ ሲመርጡ ማገዶውን ብቻ አያስቡ።

3. ድስት፦ ወጡ የሚጀምረው በቁሌት ነው

የእኛ ወጥ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለረጅም ጊዜ እየተቁላላ ነው የሚጀምረው። በሌላ አገር ምግብ አሠራር ይህ ብዙም የለም፤ ድስቱን የሚፈትነውም ይህ ነው። ሥሩ ስስ የሆነ ድስት ሽንኩርቱን መሐል ላይ ያሳርራል፤ ያረረ ቁሌት ደግሞ በርበሬም ቅቤም አይሸፍነውም። ድስት ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ሥሩን ይሁን።

የማይዝግ ብረት፣ ሰዉ ስቴንለስ የሚለው፣ ሥሩ ድርብ ከሆነ ለዕለት ወጥ የሚያህለው የለም። ድስቱን ገልብጠው ጠርዙን ይዩ፤ ከሥሩ የተለጠፈ ወፍራም ዝርግ ብረት በግልጽ ይታያል። መሐሉን በጣትዎ ይምቱ፤ ቀጭኑ ይጮኻል፣ ወፍራሙ ድምፁ አጭር ነው። እጀታው በብሎን ወይም በወፍራም ምስማር የተያዘ ይሁን። አንዳንድ ሻጭ «ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» ይላል፤ ይህ ሙሉ እውነት አይደለም። ኒኬል ያለበት ጥሩው ዓይነት ማግኔት አይስብም፤ ነገር ግን ማግኔት የሚስብ የማይዝግ ብረትም አለ፤ ኢንዳክሽን ስቶቭ የሚፈልገውም እሱን ነው። ኢንዳክሽን ለመግዛት ካሰቡ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ የአሉሚኒየምና የሸክላ ድስት እዚያ ላይ አይሞቅም።

በየገበያው የሚሸጠው ብረት ድስት ብዙው አሉሚኒየም ነው። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ዋጋው ይቀመሳል። የፋብሪካው ዝርግ አሉሚኒየም ወፍራም ከሆነ ለሩዝ፣ ለፓስታና ውኃ ለማፍላት ጥሩ ነው። ከቁርጥራጭ ብረት ተቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የሚፈሰውን ግን ለየብቻ ያስቡት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በካሜሩን እንዲህ የተሠሩ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል፤ የመኪና አካልና የሞተር ቁራጭ አብሮ ስለሚቀልጥ ነው። እርሳስ የሕፃን አእምሮን ይጎዳል። ዓይነቱን የሚለዩት ገጹ ሻካራ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት በመሆኑ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ሲያሹበትም ግራጫ ይለቃል። ቤትዎ ካለ ቲማቲም የበዛበትን ወጥ ወይም ሎሚ ያለበትን ምግብ አይሥሩበት፤ የተሠራ ወጥም አያሳድሩበት። ድስት አስወልውሎ ማብራት ውበት ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ላይ ግን በፋቁት ቁጥር አዲስ ገጽ ይከፍታሉ።

የማይዝ መጥበሻ፣ ቴፍሎን የተቀባው፣ ለዕንቁላል ይግዙ፤ ለቁሌት አይግዙ። ቅባቱ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶውን ከሰል ላይ የተጣደ መጥበሻ እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። በእንጨት ማማሰያ ብቻ ያማስሉ፤ ከተላጠ ይጣሉት።

የሸክላ ድስትን ያለ ምክንያት አልተዉት እናቶቻችን። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ሽሮና ዶሮ ወጥ የሚፈልጉት ይህን ነው። እንደ ምጣዱ በድምፁ ፈትነው ይግዙ፤ ከጋለ ምድጃ አውርደው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡት።

4. ደጋው የሚጠይቀው ዕቃ

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ባሕር ዳር ላይ 94 ገደማ ነው። እሳቱን ቢጨምሩ ውኃው ይንፈቀፈቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና የበሬ ሥጋ ደጋ ላይ አልበስል የሚሉት፣ ነፍሮ እስኪለሰልስ የማገዶ ክምር የሚያልቀው በዚህ ነው። የጥራጥሬው ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ለእነዚህ ከተሞች ከትንንሽ ዕቃዎች ሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው የእንፋሎት ድስት፣ ፕሬሸር ኩከር የሚባለውን ነው። ዴኒስ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 እ.ኤ.አ. የሠራው ዘዴ ነው፤ ክዳኑ ተጠርቅሞ እንፋሎቱ ሲታመቅ በእኛ ከፍታም ውስጡ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ይደርሳል። ነፍሮው በግማሽ ጊዜና ከዚያም ባነሰ ይበስላል፤ ከሰሉም መብራቱም በዚያው ልክ ይተርፋል። ገንዘቡ ከተገኘ ከፍሪጅ በፊት ይግዙት።

ሲገዙ አራት ነገር ያረጋግጡ። የክዳኑ ላስቲክ ለስላሳ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ መለዋወጫው ከተማው ውስጥ ወይም ቢያንስ ባሕር ዳር መገኘቱን ይጠይቁ፤ ላስቲክ ሳይገኝለት የቀረ ፕሬሸር ኩከር ተራ ድስት ነውና። ከሚያፏጨው ክብደት ሌላ ክዳኑ ላይ ሁለተኛ የመተንፈሻ መከላከያ ይኑረው። እንፋሎት ሳይወጣ ክዳኑ የማይከፈት ይሁን። ሥሩም ወፍራም ይሁን። ሲጠቀሙበት ጥራጥሬ ከሆነ ከግማሽ በላይ አይሙሉ፤ ልጣጩ መተንፈሻውን ይደፍናል። መመሪያው የሚሰጠው ሰዓት ለቆላ አገር ስለሆነ በእኛ ከፍታ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምሩበት፤ 20 ደቂቃ ካለ 26 ያድርሱት።

የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያም በከፍታው ምክንያት ይመረጣል። እንፋሎቱ ሲነካው ራሱን የሚያጠፋው ዓይነት ደጋ ላይም በደንብ ያገለግላል። ቁጥር እያሳየ 100 ዲግሪ እስኪደርስ የሚጠብቀው ግን እዚህ 100 አያገኝምና ሲፈላ ሊቆይ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ውኃ ሞልተው ያስፈሉት፤ ከፈላ በኋላ በራሱ ጠፋ? ያኔ ይግዙት። ውስጡ ፕላስቲክ ሳይሆን የማይዝግ ብረት ቢሆን ይሻላል።

5. የሚሰካ ዕቃ ሁሉ ጀርባውን ይገልበጡ

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሥሩ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለው። 220 ቮልት ወይም 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ካልሆነ አይግዙ። በስጦታ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንጀራ የሚጋግሩት ከኖርዌይ የሄዱ ሰዎች ሌፍሰ የሚባለውን ስስ ቂጣ በሚጋግሩበት 16 ኢንች ክብ መጋገሪያ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ቢቸና ላይ በቀጥታ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ይቃጠላል። ስፋቱም 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የእኛ ምጣድ 60 ገደማ ነው። ዘመድ ሊልክልዎ ካሰበ ዋጋውን ልኮ እዚህ ቢገዙት ይሻላል።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። ሽንኩርት መፍጫና ጁስ መፍጫ ላይ 3,000 ዋት ተብሎ ይጻፋል፤ ገመዱ ግን እንደ ስልክ ቻርጀር የቀጠነ ነው። እውነቱን የሚነግርዎ የገመዱ ውፍረትና የዕቃው ክብደት ነው፤ ጠንካራ ሞተር መዳቡና ብረቱ ይከብዳል። አስነሥተው ለግማሽ ደቂቃ ያዳምጡት፤ የተቃጠለ ሽታ ወይም የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለ ይመልሱት። ቢላዎቹ ተፈትተው የሚታጠቡ ይሁኑ። ትንሽ የቡና መፍጫ ለቡና ነው፤ በርበሬና ሽሮ ወፍጮ ቤት ይሂድ፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ቡናውን በሙቀጫና በዘነዘና የሚወቅጥ ሰው ደግሞ ምንም አልጎደለበትም።

ሞተር ያለው ዕቃ፣ በተለይ ፍሪጅ፣ ቮልት ሲወርድም ሲወጣም ይጎዳል፤ ስታቢላይዘር አብረው ይግዙለት። ቡታጋዝ የሚመርጡ ከሆነ ምድጃውን ከመግዛትዎ በፊት ሲሊንደሩን በከተማዎ ማን እንደሚሞላ ይጠይቁ፤ ሲገጥሙም መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብተው አረፋው አለመነፋቱን ይዩ።

6. የቀረው ትንንሽ ዕቃ

ቢላዋ አንድ ጥሩና አንድ ትንሽ፤ ከሞረዱ ጋር። መክተፊያው እንጨት ይሁን። ጭልፋ ሲገዙ መጋጠሚያውን ወዝወዝ ያድርጉ። ጀበናው ጡቱ ጠባብ፣ ሥሩ ደልዳላ ይሁን፤ ውኃ ሞልተው ከውጭ ማላብ አለማላቡን ይዩ። ፔርሙዝ በጆሮዎ ያዳምጡ፤ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ካለ ብርጭቆው ተሰብሯል። የፈላ ውኃ ተሞልቶበት ከውጭ የሞቀ ፔርሙዝም ሙቀት አይዝም።

7. ገንዘቡን ሲከፍሉ

ደረሰኝ ይቀበሉ። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» ሲባል እሺ የሚል ሰው መብቱን በጥቂት ብር ይሸጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ስለዚህ ዕቃውን ለበዓል ብለው በካርቶኑ አያስቀምጡ። ቤት በገባበት ዕለት ያውጡት፣ ይስኩት፣ ያብስሉበት፤ ጉድለት ካለው ቀኑ ሳያልፍ ከነደረሰኙ ወደ ሻጩ ይመልሱት።